ከኬላ ጭነት እስከ 86 ሳንቲ ሜትር፦ የልብስ ቀረጥ ታሪክ በጎንደር መንገድ

ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ከወትሮው ጽሑፎቻችን ትንሽ ለየት ይላል። ስለ ልጆች ልብስና ስለ ጉምሩክ ቀረጥ ነው። "ይህ ደግሞ ከታሪክ ጋር ምን አገናኘው?" የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ ትንሽ ታገሱን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሂጅራ ሲሆን ለብቻው እንጠቅሳለን።)

ዒድ ሲቃረብ ሳንጃ ውስጥ ያሉ ልብስ ቤቶች በራቸው ላይ ቀድመው የሚሰቅሉት የልጅ ልብስ ነው። አዋቂው በአምናው ጀለቢያ ሊያልፈው ይችላል፤ ልጅ ግን አዲስ ሳይለብስ ዒድ አይመስለውም። ከቻይናና ከቱርክ የሚመጣውን የልጅ ልብስ አንገትጌ ገልበጥ አድርጋችሁ ብታዩት ብዙ ጊዜ 80፣ 86፣ 92 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። እናት "ልኩ ነው" ትላለች፤ እውነቷን ነው። ቁጥሩ ልብሱ የተሰፋለት ልጅ ቁመት በሳንቲ ሜትር ነው። ለጉምሩክ ሠራተኛ ግን ከሦስቱ ቁጥሮች አንዷ፣ 86፣ ድንበር ናት። እስከ እሷ ድረስ ያለው የሕፃን ልብስ ነው፤ ከእሷ ያለፈው ሌላ ነው። ይህች መስመር እንዴት እዚያ እንደተሰመረች ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ከቃሉ እንጀምር። "ታሪፍ" ስንል የፈረንጅ ቃል የምንናገር ይመስለናል። መድረሳ የቀመሰ ሰው ግን ወዲያው ያውቀዋል፤ "ዐረፈ" ከሚለው የዐረብኛ ግሥ የወጣ "ተዕሪፍ" ነው፣ ማሳወቅ ማለት። ነጋዴው ደጅ ላይ ደርሶ ከመደናገጡ በፊት የሚከፍለውን እንዲያውቅ የሚደረግበት ዝርዝር ነው ታሪፍ። ቃሉ በሜዲትራኒያን ወደቦች በኩል ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ኋላ ወደ እኛ በፈረንጅ ልብስ ተመለሰ። "ጉምሩክ"ም የመጣልን ከቱርኮቹ በኩል ነው።

በእስልምና ታሪክ ውስጥ ይህ ሥርዓት የተያዘው በሰይዲና ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ዘመን፣ ከ13 እስከ 23 ሂጅራ ባለው ጊዜ ነው። አቡ ሙሳ አል አሽዐሪይ ሙስሊም ነጋዴዎች ወደ ጠላት አገር ሲሻገሩ ከአሥር አንድ እንደሚወሰድባቸው ጻፈላቸው። ዑመርም እነሱ የሚወስዱትን ያህል ከእነሱ ነጋዴ እንዲወሰድ፣ ከዚሚዮች ከሃያ አንድ፣ ከሙስሊሞች ከአርባ ዲርሃም አንድ ዲርሃም እንዲወሰድ፣ ዕቃው ከ200 ዲርሃም በታች ከሆነ ግን ምንም እንዳይነካ አዘዙ። ለዚህ ሥራ የተሾመው ሰው "ዓሺር" ይባላል፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ዚያድ ኢብኑ ሑደይር ነበር።

እዚህ ላይ ሳንሸፋፍን መናገር አለብን፤ ይህ ምደባ በመጀመሪያ ሰውን ነው የመደበው። የሙስሊሙ ድርሻ ያነሰው ዘካ ስለሚከፍል ነው ብለው ዑለሞች ያብራራሉ፤ ቢሆንም ደጁ ላይ የሚጠየቀው "ማን ነህ?" ነው። ነገር ግን እዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ምደባም ነበር። ኢማሙ ማሊክ በሙወጧእ እንዳሰፈሩት ዑመር ከነበጥ ነጋዴዎች በስንዴና በዘይት ላይ ከሃያ አንድ ብቻ ሲወስዱ በጥራጥሬ ላይ ከአሥር አንድ ይወስዱ ነበር። ስንዴና ዘይት ወደ መዲና በብዛት እንዲገባ ፈልገው ነው። ነጋዴው ያው ሰው ነው፣ መንገዱም ያው ነው፤ ቀረጡ የተለየው በዕቃው ዓይነት ነው። ዛሬ የገንዘብ ሚኒስቴሮች "የታሪፍ ፖሊሲ" የሚሉት ይኸው ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የሐነፊ ፊቅህ ያጠና ወንድም በአል ሂዳያ ውስጥ "በዓሺር ዘንድ ስለሚያልፍ ሰው" የሚለውን ምዕራፍ ያስታውሳል። ነጋዴው "ዕቃው ዓመት አልሞላውም" ወይም "ዕዳ አለብኝ" ብሎ ከማለ ቃሉ ይያዝለታል ይላል። ዛሬ ዲክላራሲዮን የምንለው ወረቀት ያለ ብዙ ልዩነት ይህን ነው የሚሠራው፤ ነጋዴው ስለ ዕቃው በራሱ ቃል ይመሰክራል፣ ውሸት ከተገኘበት ይጠየቃል።

አሁን ወደ ጎንደር እንምጣ።

በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። የጎንደር ሙስሊሞች በቀሐ ወንዝ በኩል ሰፈራቸውን አደረጉ፤ አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር ታሪክ ከዚህ ጋር የተሳሰረ ነው። ርስት የመያዝ መብት አልነበራቸውም። ርስት የሌለው ሰው ምን ይሠራል? ይሸምናል፣ ይሰፋል፣ ይነግዳል። ጀበርቲ ነጋዴ ወደ ምፅዋ፣ ወደ ሰናር፣ በደቡብ ደግሞ ከዓባይ ማዶ እስከ እናርያ ይወርድ ነበር። ነገሥታቱም ያለ እሱ አይሆንላቸውም ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1699 ከካይሮ በሰናር በኩል ጎንደር ሲገባ ይዞት የመጣው ሐጂ ዐሊ የሚባል የዐፄ ኢያሱ ሙስሊም መልእክተኛ ነበር። መሬት የተከለከለው ሰው የመንግሥቱ ዓይንና እግር ሆኖ ማገልገሉ የዚያ ዘመን ቅራኔ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መንግሥት ማለት ኬላ ነበር። ባለ ርስቱ ገበሬ መንግሥትን የሚያውቀው በግብር ነው፤ ጀበርቲው የሚያውቀው በኬላ ነው፤ በየተራራው መውጫና በየወንዙ መሻገሪያ፣ ከአንድ ባላባት ግዛት ወደ ሌላው ባለፈ ቁጥር። ቀረጡም በአብዛኛው በጭነት ነበር፤ የበቅሎ ጭነት ይህን ያህል፣ የአህያ ጭነት ይህን ያህል፣ የሰው ሸክም ይህን ያህል። ክፍያው በአሞሌ ጨው፣ በጨርቅ ወይም በብር። ትልቁ ኢያሱ (1682–1706) የኬላ ሹሞችን ዝርፊያ ለመግታት ሥርዓት ማውጣቱ በዜና መዋዕሉ ተመዝግቧል። ሥርዓቱ ማስፈለጉ ራሱ ኬላው ላይ ምን ይደረግ እንደነበር ይነግረናል። የነጋዴዎቹ አለቃ "ነጋድራስ" ይባል ነበር፤ ኋላ ላይ ስሙ የቀረጥ ሹም መጠሪያ ሆነ።

በዚያ ሁሉ ጭነት ውስጥ ግን የልጅ ልብስ የሚባል ነገር አልነበረም። ይህን ልብ በሉልን። ጨርቅ በጣቃ ይመጣል፤ የሕንድ ሰማያዊ ጥጥ፣ ሐር፣ ቀይ ጨርቅ። ቀዩን ጨርቅ ሸማኔው ፈትቶ ክሩን ለጥለት ያውለዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ከአሜሪካ ማሳቹሴትስ ፋብሪካዎች የሚወጣው ያልነጣ ጥጥ በዛንዚባርና በቀይ ባሕር በኩል ገባ፤ ስዋሂሊዎቹ "መሪካኒ" አሉት፣ እኛ አቡጀዲ አልነው። ልጁ የሚለብሰው ከዚያ የተቆረጠ ጥብቆ ወይም የአባቱ አሮጌ ጋቢ ቅዳጅ ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን ምንም ሳይለብስ መሮጡም ነውር አልነበረም። ስለዚህ ኬላ ጠባቂው "ይህ የልጅ ነው፣ ይህ የአዋቂ ነው" ብሎ የሚለይበት ምክንያት አልነበረውም። ምድብ የሚፈጠረው ዕቃው ሲፈጠር ነው።

ወደ ምዕራብ ያለው የእኛ ቆላ በዚህ ንግድ ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበረው። መተማ የደጋው ቡና፣ ሰምና ማር ከሱዳን ጥጥና ጨርቅ ጋር የሚገናኝበት ገበያ ነበር። ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ወጥተው እዚያው የቀሩት ተክሩሮች ሰፍረውበት ሼኻቸው ለግብፅም ለኢትዮጵያም ይገብር ነበር። ሁለት መንግሥት የቀረጠው ገበያ ማለት ነው።

ከዚያ 1878 መጣ። የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊም ሹማምንት ወይ እንዲጠመቁ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ አዘዘ፤ ትእዛዙም በሹማምንቱ ላይ አልቆመም። ከጎንደር ሙስሊሞች ብዙዎቹ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በጥር 1888 ደግሞ የማህዲስቶቹ አዛዥ ሐምዳን አቡ ዐንጃ ጎንደርን አቃጠለ፤ በመጋቢት 1889 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ወደቁ። ስለ ጦርነቱ ብዙ ተጽፏል፤ እኛ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከሁለቱም ወገን የተጎዳ ሰው ቢኖር ኬላውን በሁለቱም በኩል የሚያውቀው ነጋዴ ነው።

ቀጣዩ ምዕራፍ የሚያስቅም የሚያስቆጭም ነው። ጥር 10 ቀን 1908 የዐፄ ምኒልክ መንግሥት ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ክሎቡኮውስኪ ጋር ውል ተፈራረመ። በውሉ መሠረት ወደ ኢትዮጵያ በሚገባ ዕቃ ላይ ከ100 ከ10 በላይ እንዳይቀረጥ ተወሰነ። ወይን፣ ሻምፓኝና ቢራን በመሳሰሉ መጠጦች ላይ ግን 8 ብቻ። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ለሕፃን ጥብቆ የሚሆነው አቡጀዲ 10 ሲከፍል ሻምፓኙ 8 ይከፍላል። ወይን የማን አገር ምርት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ታሪፍ የሚጻፈው ብዕሩን በያዘው እጅ ነው።

ይህን ዓይነት አሠራር አጥብቆ ከተቹት አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። በድሬዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስ ሆኖ ሠርቷል፤ በ1919 ካረፈ በኋላ በ1924 የታተመው "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" የተሰኘው መጽሐፉ ስለ ጉምሩክ የተናገረው የቢሮ ወሬ አይደለም፤ ደጁ ላይ የቆመ ሰው ምስክርነት ነው። ከከተማ ወጣቶቻችን ስንቱ አንብቦታል?

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ማዕከላዊ መንግሥቱ ጉምሩኩን በአዋጅ አደራጀው፤ የየባላባቱ የውስጥ ኬላ እየከሰመ ቀረጥ ድንበር ላይና ባቡር ጣቢያ ላይ ሆነ። በከተሞች የስፌት መኪና በዛ፤ በጎንደርም በሌላውም ከተማ ከመኪናው ኋላ ከተቀመጡት ልብስ ሰፊዎች ብዙዎቹ የእኛ አባቶች ነበሩ። የልጅ ልብስ ግን ከልብስ ሰፊው እጅ ወጥቶ ተሰፍቶ ያለቀ ሆኖ በካርቶን መምጣት የጀመረው ኋላ ነው፤ ያኔ ነው ምድብ ያስፈለገው።

ምድቡ የሚገኘው ዛሬ ዓለም በሙሉ ማለት ይቻላል በሚሠራበት መጽሐፍ ውስጥ ነው። "ሃርሞናይዝድ ሲስተም" ይባላል፤ ብራሰልስ የሚገኘው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የሚያዘጋጀው ሲሆን ከጥር 1 ቀን 1988 ጀምሮ ይሠራበታል። የዓለምን ዕቃ ሁሉ፣ ከቁም ከብት እስከ ሥዕል፣ በ97 ምዕራፍ ይከፍለዋል። (77ኛው ምዕራፍ ባዶ ነው፤ ለወደፊት ተብሎ ተትቷል።) የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በሁሉም አገር አንድ ናቸው፤ ኢትዮጵያ ሁለት ጨምራ በስምንት አኃዝ ትሠራበታለች።

የልጅ ልብስ የያዘ ካርቶን ሲከፈት ጥያቄዎቹ እንዲህ ይሄዳሉ። መጀመሪያ፦ ጨርቁ እንደ ሹራብ የተጠለፈ ነው ወይስ እንደ ሸማ የተሸመነ? ቲሸርት ሲጎተት የሚለጠጠው የተጠለፈ ስለሆነ ነው። የተጠለፈው ወደ ምዕራፍ 61፣ የተሸመነው ወደ ምዕራፍ 62 ይሄዳል። የሸማኔ ልጅ ይህን ልዩነት በጣቱ ያውቀዋል፤ ብዙ ባለ ሱቅ ግን አያውቀውም። ቀጥሎ፦ የተሰፋለት ልጅ ቁመት ከ86 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም? በግምት የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ቁመት ነው። ካልበለጠ የተጠለፈው 61.11፣ የተሸመነው 62.09 ነው፤ ሱሪም ሆነ ቀሚስ ሌላ ዝርዝር አያስፈልገውም። ሶል የሌለው የሹራብ ካልሲ ጫማና የእጅ ጓንቱም አብረው ይገባሉ። ኮፍያው ግን አይገባም፤ ኮፍያ የራሱ ምዕራፍ አለው፣ 65። ዳይፐር ደግሞ ከ2012 ወዲህ ከልብሱ ወጥቶ 96.19 ላይ ብቻውን ተቀምጧል።

ከዚያ ክሩ፦ ጥጥ ነው ሰው ሠራሽ? ቅልቅል ከሆነ በክብደት የሚያመዝነው ይታያል። 60 በመቶ ጥጥ፣ 40 በመቶ ፖሊስተር ከሆነ ጥጥ ነው።

ቁመቱ ከ86 ካለፈ ታሪኩ ይለወጣል፤ አሁን ልጁ "ወንድ ልጅ" ወይም "ሴት ልጅ" ሆኖ ከአዋቂዎቹ ጋር በአንድ መስመር ይቆማል። እንዴት ይለያል? ከፊት የሚቆለፍ ልብስ የግራው ጎን በቀኙ ላይ ከተደረበ የወንድ፣ የቀኙ በግራው ላይ ከተደረበ የሴት ነው፤ ስፌቱ ራሱ በግልጽ ካልተናገረ በስተቀር። ለወንድ ይሁን ለሴት ፈጽሞ ካልተለየ ከሴቶቹ ጋር ይመደባል። ቁልፍ ተመልክቶ ፍርድ መስጠት ማለት ይህ ነው።

በመጨረሻ 63.09 አለ፤ ልባሽ ልብስ። ገበያው ሳልባጅ ይለዋል። ለመባል ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ የመለበስ ምልክቱ በግልጽ መታየት አለበት፣ በተጨማሪም በቦንዳ ወይም በጆንያ ታጭቆ የመጣ መሆን አለበት። በኢትዮጵያ ልባሽ ልብስን ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ነው። በሱዳን በኩል በመተማና በቆላው መንገድ ለዓመታት ሲገባ የኖረው ቦንዳ ስለዚህ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ቀረጥ እከፍላለሁ ብትልም የማይቀበሉህ ዕቃ ነው። ሁለቱን የሚያምታቱ ወጣቶች ያጋጥሙናል። አንዳንዱ ደግሞ "መክስ በሐዲስ የተወገዘ ስለሆነ ኮንትሮባንድ ችግር የለውም" ይላል። ይህ ገጽ የፈትዋ ገጽ አይደለም፤ ዝርዝሩን ለዑለሞች እንተወዋለን። የምናስተውለው ግን ይህን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የዓሺርን ምዕራፍ አንብቦ አያውቅም፤ የሰማው ከሹፌር ነው።

"ታዲያ የሕፃን መስመር መኖሩ ለአባት ምን ጠቀመው?" ብትሉን እውነቱን እንናገራለን። ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ታሪፍ ያለቀለት ልብስ፣ የሕፃንም የአዋቂም፣ ከፍተኛው እርከን ላይ ነበር፤ 35 በመቶ። በዚያ ላይ በ2003 የጀመረው 15 በመቶ ቫት፣ በ2007 የመጣው 10 በመቶ ሱር ታክስ ይጨመራል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ስለሚሰላም 1,000 ብር የተገመተ ልብስ 350 ቀረጥ፣ 202 ብር ከ50 ቫት፣ 155 ብር ከ25 ሱር ታክስ ይዞ 1,707 ብር ከ75 ሆኖ ይወጣል፤ የመጓጓዣውም የባለ ሱቁም ትርፍ ገና ነው። የአገር ውስጥ ልብስ ሰፊን መከለያ ነው የሚል መልስ አለ፤ ከባድ መልስ ነው፣ ከላይ የጠቀስናቸውን አባቶች ይመለከታል። ነገር ግን 86 ሳንቲ ሜትር የሚባል መስመር ካለ በመስመሩ ውስጥ ላለው ሕፃን ሌላ ቁጥር መጻፍ ይቻል ነበር። እንግሊዞች ቫትን በ1973 ሲጀምሩ የትንንሽ ልጆችን ልብስና ጫማ ዜሮ ላይ አስቀምጠውታል፤ ለዚህም የልጅን ልክ በመጠን ይለያሉ። ዑመር በስንዴና በዘይት ላይ ያደረጉት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሱዳን በሚያዝያ 2023 ወደ ጦርነት ከገባች ወዲህ፣ የእኛም ክልል ሰላም ካጣ ወዲህ፣ የመተማ ንግድ እንደ ድሮው አይደለም። የሳንጃ ልብስ ነጋዴ ዕቃውን የሚያመጣው በአብዛኛው ከአዲስ አበባ መርካቶ፣ በጎንደርና በትክል ድንጋይ በኩል ነው። ታሪፉን የሚያውቀው ትራንዚተር አዲስ አበባ ተቀምጧል፤ ባለ ሱቁ ጋ የሚደርሰው ደረሰኝ ነው፣ እሱም ከተገኘ። ኬላ ላይ ሲጠየቅ ደረሰኙ ላይ "የልጆች ልብስ፣ 3 ካርቶን" የሚል ብቻ ካለ ስንቱ የተጠለፈ፣ ስንቱ የተሸመነ፣ ስንቱ አዲስ እንደሆነ ማስረዳት የእሱ ሥራ ይሆናል። የጉምሩክ አዋጁ፣ ቁጥር 859፣ በ2014 የወጣው፣ በታሪፍ ምደባና በዋጋ ግምት ላይ ቅር የተሰኘ ሰው ቅሬታ የሚያቀርብበትን መንገድ ይዟል፤ በአማርኛ ታትሟል፣ በስልክም ይነበባል። ከመርካቶ ስትገዙ እያንዳንዱ ዓይነት በስሙና በብዛቱ ተለይቶ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ፤ አንገትጌው ላይ ያለችውን መለያም ከመሸጣችሁ በፊት አትቁረጧት።

ወላሁ አዕለም።